የአሮጌ መኪና የነዳጅ ታንክ ቅያሬ

የነዳጅ ታንክ ቅያሬ ማለት ከመኪናው ጋር ከፋብሪካ የመጣው ነዳጅ መያዣ ሲበሳ፣ ሲዝግ ወይም መጠኑ ሲያንስ በሌላ ታንክ የመተካት ሥራ ነው። ለመኪናው ሞዴል የተሠራ ታንክ ከተገኘ ሥራው ፈትቶ ማሰር ብቻ ነው። ነገር ግን ምርታቸው ከቆመ አሥርተ ዓመታት ላለፉ መኪኖች ትክክለኛውን ታንክ ማግኘት ብዙ ጊዜ ስለማይቻል፣ ከሌላ ዓመት ሞዴል፣ ከሌላ መኪና ወይም ከላሜራ ተሠርቶ የሚገጠም ታንክ ይፈለጋል። ይህ ጽሑፍ የሚያብራራው ይህንን ሁለተኛውን ዓይነት ቅያሬ ነው። በኢትዮጵያ ውስጥ ለሚሽከረከሩ አሮጌ መኪኖች፣ በተለይም ለቮልስዋገን፣ እንዲሁም በአዲስ አበባ–ከሚሴ–ደሴ መንገድ ላይ ለሚገጥማቸው ሁኔታ ትኩረት ይሰጣል።

ስያሜ

የነዳጅ ታንክ በጋራዥ ቋንቋ «ሰልባቲዮ» ይባላል። ቃሉ የመጣው ማጠራቀሚያ የሚል ፍቺ ካለው «ሰርባቶዮ» ከሚለው የጣሊያንኛ ቃል ነው። እንደ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ኮፈን፣ ዳዶ እና ላሜራ ያሉት የመካኒክ ቃላትም ከዚያው ቋንቋ የገቡ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ታንክ» እና «ሰልባቲዮ» አንድ ነገርን ያመለክታሉ።

አሮጌ መኪና በኢትዮጵያ

የመጀመሪያው መኪና አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ሲሆን ያመጣው ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የጣሊያን ወረራ ዘመን መንገዶች ሲዘረጉ የጭነት መኪናዎች እና ጋራዦች ተበራከቱ። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርተ ዓመታት ፊያት፣ ቮልስዋገን፣ ፔዦ፣ ላንድ ሮቨር እና ቶዮታ በብዛት ገቡ። በደርግ ዘመን ደግሞ ላዳ ተጨመረች፤ ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀባችው የአዲስ አበባ ላዳ ታክሲ ለረጅም ጊዜ የከተማዋ መለያ ሆና ቆይታለች።

ከእነዚህ ሁሉ በታሪክ ጎልታ የምትታወሰው «ቮልስ» ናት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን ሲወርዱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ቮልሶች ተመርተዋል፤ የመጨረሻዋ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ ከሚገኘው የፑዌብላ ፋብሪካ ነው።

በኢትዮጵያ መኪና በቀላሉ አይጣልም። አዲስ መኪና የሚከፈልበት ቀረጥና ታክስ ከፍተኛ ነው። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ደግሞ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከአዲሶቹ ይበልጥ የከበደ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለች አሮጌ መኪና ዋጋዋን ይዛ ትቆያለች፤ የበሰበሰ ሰልባቲዮም መኪናዋን ለመጣል ምክንያት አይሆንም። ባለቤቱ በመርካቶ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ታንክ ያስፈልጋል፣ ካላገኘ ደግሞ ላሜራ ሠራተኛ ጋር ይሄዳል።

ታንክ ለምን ይበላሻል

አብዛኞቹ አሮጌ ታንኮች የተሠሩት ከስስ ብረት ሲሆን ዝገት እንዳይበላቸው በቆርቆሮና እርሳስ ቅልቅል ወይም በዚንክ ይለበጡ ነበር። ልባጩ ሲያልቅ ብረቱ ከውስጥ መዛግ ይጀምራል። ዋናው ጠላት ውኃ ነው። ታንኩ በግማሽ ባዶ ሆኖ ሲያድር በውስጡ ባለው አየር ያለው እርጥበት በሌሊት ቅዝቃዜ ወደ ጤዛ ይለወጣል። ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ወደ ታች ወርዶ ከታንኩ ወለል ላይ ይተኛል። በዚህ ምክንያት የአሮጌ ታንክ ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከታች ነው።

ሌላው ምክንያት የነዳጁ ለውጥ ነው። በኢትዮጵያ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ከስኳር ፋብሪካ የሚወጣ ኤታኖል ከቤንዚን ጋር መደባለቅ ተጀመረ፤ በመጀመሪያ 5 በመቶ፣ ቀጥሎም 10 በመቶ። ኤታኖል ውኃ ይስባል፣ ለረጅም ጊዜ የቆየ ዝገትና ዝቃጭም ከታንኩ ግድግዳ ያላቅቃል። ለእንዲህ ዓይነት ነዳጅ ያልተሠሩ የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ የጎማ ቱቦዎች በኤታኖል ሊለሰልሱ ወይም ሊሰነጠቁ ይችላሉ። ስለዚህ ታንክ ሲቀየር ቱቦዎቹም አብረው መቀየር አለባቸው።

የታንክ አምስት ሥራዎች

ታንክ ሲታይ ባዶ ሣጥን ይመስላል። ነገር ግን አምስት ሥራዎችን በአንድ ጊዜ ይሠራል፤ ምትክ ታንክ ሲመረጥ አምስቱም መሟላት አለባቸው።

1. መያዝ፦ ነዳጁን ሳያፈስ፣ በንዝረትና በመንገድ ጉድጓድ ሳይሰነጠቅ መያዝ።

2. መተንፈስ፦ ነዳጅ ሲወጣ አየር እንዲገባ፣ ነዳጅ በሙቀት ሲተን ትነቱ በአስተማማኝ መንገድ እንዲወጣ ማድረግ።

3. ማቅረብ፦ ዳገትና ቁልቁለት ላይም ቢሆን መምጠጫው ቱቦ ሁልጊዜ በነዳጅ ውስጥ እንዲጠልቅ ማድረግ። ለዚህ ሲባል በትልልቅ ታንኮች ውስጥ ነዳጁ ወዲያና ወዲህ እንዳይላጋ የሚያደርጉ ማገጃ ሰሌዳዎች ይበየዳሉ።

4. መለካት፦ በውስጡ ያለው ተንሳፋፊ ለጌጁ ትክክለኛ መረጃ እንዲልክ ማድረግ።

5. መሞላት፦ የመሙያው አንገት ከማደያው አፍንጫ ጋር ገጥሞ ነዳጁ ሳይመለስ እንዲወርድ ማድረግ።

ልምድ የሌለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ከቅያሬ በኋላ የሚመጡት ችግሮች ግን በአመዛኙ ከሁለተኛውና ከአራተኛው ይመነጫሉ።

ምሳሌ፦ የቮልስ ታንክ

የቮልስ ሞተር ከኋላ፣ ታንኳ ደግሞ ከፊት ነው። 40 ሊትር የሚይዘው ታንክ ከፊት ኮፈን ሥር ይቀመጥና በአራት ማዕዘኖቹ በብሎን ይታሰራል። ነዳጁ ከታንኩ ሆድ ወጥቶ በመኪናዋ መሐል በሚያልፈው ዋሻ ውስጥ በተዘረጋ ቀጭን ቱቦ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ የሚስበውም ሞተሩ ላይ ያለው ፓምፕ ነው።

ቮልሶች ከውጭ ተመሳሳይ ቢመስሉም ታንካቸው በየጊዜው ተለውጧል። እ.ኤ.አ. እስከ 1961 አጋማሽ ድረስ የተሠሩት የነዳጅ ጌጅ አልነበራቸውም። ነዳጅ ሲያልቅ ሞተሩ መንተፋተፍ ይጀምራል፣ አሽከርካሪውም በእግሩ አጠገብ ያለችውን መዝጊያ አዙሮ መጠባበቂያውን ይከፍታል። ከዚያ በኋላ ጌጅ ገባ፤ መጀመሪያ ላይ በቀጭን የሽቦ ገመድ የሚሠራ ነበር፣ እ.ኤ.አ. ከ1968 ሞዴል ጀምሮ ግን በኤሌክትሪክ ሆነ። የ1961 ሞዴል ታንክ ለዕቃ ማስቀመጫ ቦታ እንዲሰጥ ጠፍጠፍ ተደርጎ ተሠራ። ከ1968 ሞዴል ወዲህ ደግሞ የመሙያው አፍ ከኮፈን ሥር ወጥቶ በመኪናዋ ቀኝ ጎን ባለች ትንሽ በር ውስጥ ሆነ።

ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ትርጉም ግልጽ ነው። የ1970 ታንክ በ1964 መኪና ላይ ሲቀመጥ አካሉ ቦታው ላይ ቢያርፍም የመሙያ አንገቱ ወደ ጎን ስለሚያመራ ከመኪናዋ ግድግዳ ጋር ይጋጫል። ስለዚህ ወይ ጎኗ ይቆረጣል፣ ወይም አንገቱ ይለወጣል። ጌጁም አይሠራም፤ አንዱ በገመድ፣ ሌላው በኤሌክትሪክ ነውና። ያገለገለ ታንክ የሚገዛ ሰው ከሁሉ በፊት የሁለቱን መኪኖች የምርት ዓመት ማወቅ አለበት።

የቮልስ ታንክ ሌላም ልዩ ነገር አለው፤ ከሹፌሩና ከአጠገቡ ከተቀመጠው ሰው እግር ፊት ለፊት ነው ያለው። ትንሽ ፍሳሽ እንኳን ሽታው ወዲያውኑ መኪናዋ ውስጥ ይገባል። በታንኩ ዙሪያ ያለው ማሸጊያ ጎማ ሲቀየር ቸል መባል የሌለበትም ለዚህ ነው።

ሌሎች መኪኖች

በአሮጌዎቹ ላንድ ሮቨሮች ላይ ታንኩ ከፊት ወንበር ሥር ይገኛል፤ አጭሩ ሞዴል 45 ሊትር ገደማ ይይዛል። በሌላኛው ወንበር ሥር ሁለተኛ ታንክ የመግጠም ምርጫ ከፋብሪካውም ይሰጥ ስለነበር ላንድ ሮቨር ላይ ተጨማሪ ታንክ መግጠም ከሌሎቹ ይቀላል። የቶዮታ ላንድ ክሩዘር 40 ታንክም መጀመሪያ በተሳፋሪ ወንበር ሥር ነበር፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ወደ ኋላ ተዛወረ። ላዳ 39 ሊትር ታንኳን በኋላ ዕቃ መጫኛዋ ቀኝ ጎን ትይዛለች። ታንኩ ከሰው መቀመጫ ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ ወይም በጣም አቅራቢያ በሚሆንባቸው መኪኖች ሁሉ የመተንፈሻ ቱቦው ጫፍ ከመኪናው ውጭ መውጣት አለበት።

መጠንና ክብደት

የሣጥን ቅርጽ ያለው ታንክ መጠን በቀላሉ ይሰላል። ርዝመቱ 50፣ ስፋቱ 40፣ ቁመቱ 20 ሴንቲሜትር የሆነ ታንክ 40,000 ሴንቲሜትር ኪዩብ ወይም 40 ሊትር ይይዛል። ነገር ግን እስከ አፉ መሞላት የለበትም። ቤንዚን ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ከ1,000 አንድ ያህል ይሰፋል። በ15 ዲግሪ ደብረ ብርሃን ላይ የተሞላ 40 ሊትር ቤንዚን በ40 ዲግሪ ፀሐይ ላይ ቢቆም አንድ ሊትር ያህል ይጨምራል። ይህ አንድ ሊትር የሚያርፍበት ባዶ ቦታ ካላገኘ በመተንፈሻው ወይም በክዳኑ በኩል ይፈስሳል። ስለዚህ የመሙያው አንገት ከታንኩ ጣሪያ ትንሽ ወደ ውስጥ ገብቶ ሲበየድ ከላይ አየር ስለሚቀር ይመረጣል።

የአንድ ሊትር ቤንዚን ክብደት 0.74 ኪ.ግ. ገደማ፣ የናፍጣ ደግሞ 0.83 ኪ.ግ. ገደማ ነው። 40 ሊትር ቤንዚን 30 ኪ.ግ. ያህል፣ 80 ሊትር ደግሞ 60 ኪ.ግ. ያህል ይመዝናል። ታንኩን በእጥፍ ማሳደግ ማለት የቀደሙት ማሰሪያዎች ያልታሰቡበትን 30 ኪ.ግ. መጨመር ነው። መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ይህ ጭነት በቅጽበት ስለሚባዛ ትልቅ ታንክ በሻንሲው ላይ በታሰሩ የብረት ቀበቶዎች መያዝ አለበት፤ በስስ ላሜራ ላይ መንጠልጠል የለበትም።

መተንፈሻ እና የከሚሴ መንገድ

ከሚሴ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። ከአዲስ አበባ ያላት ርቀት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በመቶ ኪሎ ሜትር 8 ወይም 9 ሊትር የምትጠጣ ቮልስ በሙሉ ታንክ ከሚሴ ትደርሳለች፣ ሳትሞላ ግን አትመለስም። አሮጌ መኪና ያለው ሰው ትልቅ ታንክ የሚመኝበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

መንገዱ ከርቀቱ ይልቅ በከፍታ ልዩነቱ ታንክን ይፈትናል። ከደብረ ብርሃን በኋላ ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሆነው ጣርማበር ይወጣል፣ በጣሊያን ዘመን የተሠራውን ዋሻ አልፎ በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት ይወርዳል፣ ከዚያም በሰንበቴና በአጣዬ አድርጎ በ1,400 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ከሚሴ ይደርሳል። የአየር ግፊት በ3,200 ሜትር ላይ 68 ኪሎፓስካል ያህል፣ በ1,400 ሜትር ላይ ደግሞ 86 ኪሎፓስካል ያህል ነው።

መተንፈሻ የሌለው የናፍጣ ታንክ ጣርማበር ላይ ተዘግቶ ወደ ከሚሴ ቢወርድ ምን ይሆናል? በውስጡ ያለው አየር የጣርማበርን ዝቅተኛ ግፊት እንደያዘ ይወርዳል። የቆላው ሙቀት የውስጡን ግፊት ትንሽ ቢያሳድገውም ከውጭ ያለው ከውስጡ በ10 ኪሎፓስካል እና ከዚያ በላይ ይበልጣል። 50 በ40 ሴንቲሜትር በሆነ የታንክ ገጽ ላይ ይህ ልዩነት 200 ኪ.ግ. ያህል ሸክም ከመጫን ጋር እኩል ነው። ስስ ላሜራ ይህን አይችልም፤ ወደ ውስጥ ይጨማደዳል፣ የብየዳ መስመሩም ሊሰነጠቅ ይችላል። ቤንዚን በሚሆንበት ጊዜ ነገሩ ይለያል፤ ቤንዚን በሙቀት ብዙ ስለሚተን የተዘጋ ታንክ ቆላ ሲደርስ ግፊቱ ከውስጥ ሊጨምርና ነዳጁን በክዳኑ በኩል ሊገፋው ይችላል።

ከፍታ ባይለወጥም ችግሩ አለ። በታንኩ ውስጥ 10 ሊትር አየር አለ እንበል። ሞተሩ አንድ ሊትር ነዳጅ ሲወስድ ያው አየር በ11 ሊትር ቦታ ላይ ይዘረጋል፣ ግፊቱም 9 በመቶ ያህል ይቀንሳል። የነዳጁ ትነት የተወሰነውን ቢያካክስም ፓምፑ ከዚያ ባዶነት ጋር እየታገለ ነዳጅ መሳብ ይኖርበታል። በተለይ እንደ ቮልስ ፓምፑ ከታንኩ ርቆ ኋላ ላይ በሆነበት መኪና፣ በሞቀ ቱቦ ውስጥ ያለው ቤንዚን በዝቅተኛ ግፊት አረፋ ይሆንና ሞተሩ ይጠፋል። ዳገት ላይ፣ በከፍታ ቦታ፣ ከረጅም መንገድ በኋላ የሚቆሙ አሮጌ መኪኖች አንዱ ችግራቸው ይህ ነው።

ምርመራው ቀላል ነው። መኪናው በቆመ ጊዜ የታንኩ ክዳን ቀስ ብሎ ይከፈታል። አየር ፉጨት እያሰማ ወደ ውስጥ ከገባና ሞተሩ ወዲያው ከተነሳ መተንፈሻው ተደፍኗል ወይም ጭራሽ አልተሠራም ማለት ነው። አንዳንድ አሮጌ መኪኖች የሚተነፍሱት በክዳኑ ቀዳዳ ስለሆነ ክዳኑ በሌላ ድፍን ክዳን ሲተካም ይኸው ችግር ይፈጠራል።

ጌጁ ለምን ይዋሻል

በታንኩ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ከፍ ዝቅ ሲል የኤሌክትሪክ ሽቦ ተቃውሞን ይለውጣል፤ ጌጁም ያንን ተቃውሞ ወደ መርፌ እንቅስቃሴ ይተረጉማል። ሁለቱ ልክ እንደ አንድ ቋንቋ ተናጋሪዎች መግባባት አለባቸው። ችግሩ አምራቾች የተለያየ ቋንቋ መምረጣቸው ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራው የቮልስ ጌጅ ባዶን በ73 ኦም፣ ሙሉን በ10 ኦም ያነባል። በአውሮፓ የተለመደው ሌላ ዓይነት ተንሳፋፊ ደግሞ ባዶ ሲሆን 10፣ ሙሉ ሲሆን 180 ኦም ይሰጣል። የአሜሪካው የተለመደ ዓይነት ባዶ ሲሆን 240፣ ሙሉ ሲሆን 33 ኦም ነው።

እነዚህን ማደባለቅ አደገኛ ውጤት አለው። የቮልስ ጌጅ ከ10–180 ተንሳፋፊ ጋር ከተገናኘ ታንኩ ባዶ ሲሆን መርፌው «ሙሉ» ላይ ይቆማል። ከ240–33 ጋር ከተገናኘ ደግሞ ታንኩ አራት አምስተኛው ተሞልቶ እያለ መርፌው «ባዶ» ይላል። በመጀመሪያው ስህተት ሹፌሩ ጌጁን አምኖ ማደያ አልፎ ይሄድና ሰው በሌለበት ቦታ ይቆማል። መፍትሔው ተንሳፋፊውንና ጌጁን አንድ ዓይነት ማድረግ ወይም ሁለቱንም አብሮ መቀየር ነው።

ሁለተኛው የስህተት ምንጭ የታንኩ ቅርጽ ነው። ተንሳፋፊ የሚለካው ቁመትን እንጂ መጠንን አይደለም። በሣጥን ቅርጽ ግማሽ ቁመት ግማሽ ነዳጅ ነው። ከታች እየጠበበ እንደ ሽብልቅ በሚሄድ ታንክ ግን ግማሽ ቁመት ላይ የቀረው ነዳጅ ሩብ ብቻ ነው። በጎኑ በተጋደመ በርሜል ቅርጽ ደግሞ ሩብ ቁመት ላይ 20 በመቶ ገደማ ይገኛል። ስለዚህ አዲስ ታንክ ከተገጠመ በኋላ መኪናው በደልዳላ ቦታ ይቆምና 5 ሊትር እየተጨመረ በእያንዳንዱ ደረጃ መርፌው የት እንደቆመ ይመዘገባል። ይህ ትንሽ ሠንጠረዥ በወረቀት ተጽፎ መኪናው ውስጥ ቢቀመጥ ለዓመታት ያገለግላል።

የቅያሬው ቅደም ተከተል

ሥራው የሚጀመረው የባትሪውን አሉታዊ ገመድ በመፍታት ነው። ቀጥሎ ነዳጁ ክፍት በሆነ አየር ላይ ወደ ንጹሕ ጀሪካን ይቀዳል፤ ጀሪካኑ መሬት ላይ ይቀመጣል እንጂ በእጅ ተንጠልጥሎ አይሞላም። ቱቦዎችና የጌጅ ገመዶች ከመፈታታቸው በፊት ምልክት ይደረግባቸዋል ወይም ፎቶ ይነሣሉ።

አሮጌው ታንክ ከወጣ በኋላ አይጣልም፤ ለአዲሱ መለኪያ ነው። የብሎን ቀዳዳዎቹ ርቀት፣ የመውጫው ቱቦ ውፍረት፣ የአንገቱ አቅጣጫ እና የተንሳፋፊው ቀዳዳ ስፋት ይለካል። ምትክ ታንኩ በካርቶን ሞዴል ተሠርቶ ቦታው ላይ መሞከሩ ብዙ የላሜራ ብክነት ያድናል። ታንኩ ከማርሚታ ሙቀት እና ከሚሽከረከሩ ክፍሎች መራቁ፣ ጎማ ወይም መሪ ሲዞር አለመነካቱ፣ ከሻንሲው በታች አለመውረዱ ይረጋገጣል። ብረት ከብረት እንዳይፋተግ በመካከል ጎማ ይደረጋል።

ታንኩ ከመገጠሙ በፊት በውኃ ተሞልቶ አንድ ሌሊት ያድራል፤ ፍሳሽ ካለ በደረቅ ወረቀት ላይ ይታያል። ከዚያም ሙሉ በሙሉ ይደርቃል። ለነዳጅ የተሠራ አዲስ የጎማ ቱቦ እና አዲስ ፊልትሮ ይገባል። በመጀመሪያ 5 ሊትር ብቻ ተሞልቶ ሞተሩ ይነሣል፤ መገጣጠሚያዎቹ ሁሉ በእጅ ይዳሰሳሉ። አሮጌ ዝገት የነካው መስመር ከሆነ ፊልትሮው ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች በኋላ እንደገና መቀየር አለበት።

ባዶ ታንክ እና ብየዳ

ከዚህ ሥራ ሁሉ ሰው የሚሞትበት ክፍል አንድ ነው፤ ነዳጅ ይዞ የነበረን ታንክ መበየድ። «ባዶ ነው፣ ነዳጅ የለውም» የሚለው ንግግር ብዙዎችን አሳስቷል። የሚቃጠለው ፈሳሹ ሳይሆን ትነቱ ነው። የቤንዚን ትነት በአየር ውስጥ ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ ሲሆን በብልጭታ ይፈነዳል። ሙሉ ታንክ ውስጥ አየር ስለሌለ ይህ ቅልቅል አይፈጠርም፤ ባዶ በሚመስለው ታንክ ውስጥ ግን ይፈጠራል።

መጠኑ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ለማየት 40 ሊትር ታንክ እንውሰድ። 1.4 በመቶው 0.56 ሊትር ትነት ነው። ይህን ያህል ትነት ለመስጠት 3 ሚሊ ሊትር ገደማ ቤንዚን ይበቃል፤ አንዲት የሻይ ማንኪያ እንኳን አትሞላም። በዝገት መካከል ተደብቆ ወይም በብየዳ መስመር ውስጥ ገብቶ የሚቀር ነዳጅ ከዚህ ይበልጣል። የታንኩ ግድግዳ ሲሞቅ ያ ነዳጅ ይተንና እንደገና አደገኛ ቅልቅል ይሠራል። ታንኩን ለሳምንት ፀሐይ ላይ ማስጣት ወይም በሳሙና አንድ ጊዜ ማጠብ ዋስትና የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ናፍጣ በተለመደው ሙቀት ብዙም ባይተንም በብየዳ እሳት ሲሞቅ እንደ ቤንዚን አደገኛ ይሆናል።

የቤንዚን ትነት ከአየር ሦስት እስከ አራት እጥፍ ስለሚከብድ ወደ መሬት ይወርዳል፤ በጋራዥ ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀማል። ከታንኩ ራቅ ብሎ የሚሠራ ብየዳ፣ ሲጋራ ወይም የቡና ከሰል እንኳን ሊያቀጣጥለው ይችላል።

ስለዚህ በባለሙያዎች ዘንድ የሚመከረው የተበሳን አሮጌ ታንክ ከመበየድ በአዲስ መተካት ነው። ጥቃቅን ቀዳዳዎች ለነዳጅ በተሠራ ማጣበቂያ ያለ እሳት ሊደፈኑ ይችላሉ። መበየድ ግድ ከሆነ ታንኩ በእንፋሎት ወይም በፈላ ውኃ ደጋግሞ ይታጠባል፣ ከዚያም የሚበየደው ቦታ ብቻ ከላይ ሲቀር ሌላው በሙሉ በውኃ ይሞላል፤ በዚህ ጊዜም መተንፈሻውና አንገቱ ክፍት መሆን አለባቸው። ከአዲስ ላሜራ የሚሠራ ታንክ ነዳጅ ነክቶት ስለማያውቅ ይህ አደጋ የለበትም፤ ከአሮጌው ታንክ ላይ አንገት ወይም ተንሳፋፊ መያዣ ቆርጦ አዲሱ ላይ መበየድ ግን አደጋውን ይመልሰዋል።

የላሜራ፣ የአሉሚኒየም እና የፕላስቲክ ታንኮች

ለምትክ ታንክ የሚመረጠው ማቴሪያል በዋጋና በሠራተኛው ችሎታ ይወሰናል። ተራ ላሜራ ርካሽና በየትኛውም ብየዳ ቤት የሚሠራ ነው፤ ነገር ግን ከውስጥ ካልተለበጠ ይዝጋል። የማይዝግ ብረት ዕድሜው ረጅም ነው፤ ብየዳው ግን ልዩ መሣሪያ ይፈልጋል፣ በንዝረትም መስመሩ ላይ ሊሰነጠቅ ይችላል። አሉሚኒየም ቀላል ቢሆንም ብረት ማሰሪያ በቀጥታ ሲነካው በእርጥበት ይበላል። የፕላስቲክ ታንክ በአብዛኞቹ ዘመናዊ መኪኖች ላይ ያለው ዓይነት ሲሆን አይዝግም፣ በግጭትም ከብረት ይልቅ ይቋቋማል፤ ነገር ግን ቅርጹ በፋብሪካ ስለሚወጣ ለአሮጌ መኪና የሚስማማ ማግኘት ይከብዳል። የውኃ ወይም የዘይት ጀሪካን ታንክ ሆኖ መገጠም የለበትም፤ ለቤንዚን ያልተሠራ ፕላስቲክ ትነት ያሳልፋል፣ በጊዜ ብዛትም ይለሰልሳል።

ቁጥጥር

በኢትዮጵያ ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ ያልፋሉ፤ ምርመራውን ያለፈ መኪና ቦሎ ይለጠፍበታል። የነዳጅ ፍሳሽ ያለበት ወይም ታንኩ በአግባቡ ያልታሰረ መኪና ለመንገድ ብቁ አይደለም። ታንኩን የለወጠ ባለቤት ማን፣ መቼ፣ ከምን እንደሠራው እንዲሁም የሚይዘውን መጠን መዝግቦ ቢያስቀምጥ ለምርመራም፣ መኪናው ሲሸጥም፣ ከእሱ በኋላ ለሚጠግነው መካኒክም ይጠቅማል። በተለይ ለመካኒኩ፦ ታንኩ ቀድሞ ቤንዚን ይዞ እንደነበር የምትነግር አንዲት መስመር ጽሑፍ፣ ብየዳውን ከመለኮሱ በፊት ቆም እንዲል ታደርገዋለች።